ሆዱ እንቁላል የሞላ ነጭ ዓሣ፦ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባንገዛውስ?

የሽንብጥ ልጅ (ነሐሴ 19)

ሰላም የጣና ዳር ሰዎች።

ትናንት ጠዋት ዓሣ ልገዛ ወደ ባሕሩ ወረድኩ። ፍልሰታ ከተፈታ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ዶሮና ሥጋ ላይ ነው። እኔን ደግሞ ዓሣ አማረኝ። አራት ነጭ ዓሣ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ሆዳቸውን ስከፍት የሦስቱ ሆድ እንቁላል ብቻ ነው። እንደ ዳጉሳ ፍሬ ድቅቅ ያለ፣ ቢጫ። ከአንዷ ሆድ የወጣው ብቻ የቡና ሲኒ ሞልቶ ተረፈ።

ዓሣዎቹም ትንንሽ ናቸው። እናቴ ዓሣ የምትጠብስበት ትልቁ መጥበሻ ዛሬም እኔ ጋ አለ። ልጅ ሆኜ አንድ ነጭ ዓሣ ተተልትሎ ሲገባበት ጅራቱ ከጠርዙ ይወጣ ነበር። ያ አንዱ ለአምስት ሰው ይበቃ ነበር። ትናንት አራቱንም ጎን ለጎን ደረደርኳቸው፤ ገና ቦታ ተረፈ።

ዛሬ ተመልሼ ሻጩን ጠየቅኩት። «በክረምት እንዲህ ነው እትዬ፣ የሚመጣው ሁሉ እንቁላል አለው» አለኝ። ልጁ ክፋት የለውም፤ የመጣለትን ይሸጣል። የገዛሁት ግን እኔ ነኝ። ይህ ነገር ከትናንት ጀምሮ ከሐሳቤ አልወጣም።

እንቁላል የያዘውን እየበላን «ዓሣው ከዓመት ዓመት አነሰ» ብለን እናዝናለን። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነጭ ዓሣ ላለመግዛት ብንስማማስ? የምታውቁ ንገሩኝ። ተሳስቼም ከሆነ አርሙኝ።

ቀበሌ 14 (ነሐሴ 19)

እኔም ልብ ብያለሁ። ነጭ ዓሣ ብቻም አይደለም። ቀረሶውም አንሷል። መዳፍ የማይሞላ ቀረሶ በእንጨት ተሰክቶ ሲሸጥ አይቻለሁ። ያ ገና ጫጩት ነው።

የጊሽ ዓባይ ሰፈር (ነሐሴ 19)

እህቴ፣ ልብሽ ጥሩ ነው። ግን አንድ ዓሣ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ይጥላል። እኛ አራትና አምስት ብንበላ ባሕሩ አይጎድልም። የጣና ጠላት እምቦጭ ነው። እሱን ትተን በሲኒ እንቁላል ስንቆጥር እንዳንውል።

ጡረተኛው (ነሐሴ 20)

ልጄ፣ አልተሳሳትሽም። በዓሣ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁና የማውቀውን ልንገራችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓሣ አይደለም። ከንፈሩ የወፈረ አለ። አፉ ወደ ላይ የዞረ አለ። ሌላ ዓሣ አሳድዶ የሚበላ አለ። ከታች ጭቃው ላይ የሚለቅም አለ። የቆየ ዓሣ አጥማጅ በዓይኑ ይለያቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ 15 ያህሉ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ምክንያቱ ጢስ ዓባይ ነው። ፏፏቴው 40 ሜትር ያህል ይወርዳል። ከታች ያለ ዓሣ ያንን ወጥቶ ጣና አይገባም። የእኛዎቹ እዚሁ ተዘግተው ኖሩ፣ እዚሁ ተባዙ፣ እዚሁ ዓይነት በዓይነት ሆኑ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ከነጭ ዓሣዎቹ ቢያንስ ሰባቱ እንቁላላቸውን ባሕሩ ውስጥ አይጥሉም። ወንዝ ይወጣሉ። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ድርማ እያልን መጥራት እንችላለን። ክረምቱ ሲበረታ ወንዞቹ ባሕሩን በሚቀላቀሉበት ቦታ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ሽቅብ ይጓዛሉ። የሚሹት የደፈረሰውን ትልቁን ወንዝ አይደለም። ወደ እሱ የሚገቡትን ጅረቶች ነው፤ ውኃው የጠራ፣ ታቹ ጠጠር የሆነውን። እንቁላሉ ጠጠሩ መሐል ይቀመጣል። ንጹሕ ውኃ እየነካካው ካላለፈ ታፍኖ ይሞታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በነሐሴ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ውኃ ላይ ተበትኖ የኖረ ዓሣ፣ በእነዚህ ወራት በጠባብ በር ያልፋል። በሩ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው ሳይለፋ ጀልባውን ይሞላል። የተያዘው ደግሞ በሙሉ ወላድ ነው።

እምቦጭን ላነሳኸው ወንድሜ። እምቦጭ ከባድ ነገር ነው፣ አልከራከርህም። ግን ጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. ነው። ነጭ ዓሣው ከዚያ በፊት አንሷል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ በፊት ጣና ላይ የሚጠመደው በታንኳ ነበር፤ ዳር ዳሩን። ከዚያ ሞተር ጀልባና ረጅም የናይለን መረብ መጣ። ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆነ፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት አሥር ዓመታት ብቻ ነጭ ዓሣው በክብደት ሦስት አራተኛው ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ያኔ እምቦጭ አልነበረም። የነበረው በር ላይ የተዘረጋው መረብ ነው።

ነጭ ዓሣ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። እንቁላል እስኪይዝ ዓመታት ይፈጅበታል። አንቺ ሆዷን የከፈትሻት ዓሣ ያን ሁሉ ዓመት ከመረብ አምልጣ የኖረች ናት።

የሽንብጥ ልጅ (ነሐሴ 20)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኳት።

የፎገራ ዳር (ነሐሴ 20፣ ማታ)

እኔ ዓሣ አጥማጅ ነኝ። በፎገራ በኩል፣ ከጉማራ ብዙም አልርቅም። የጻፋችሁትን ልጄ አነበበልኝ፣ እኔ እየነገርኩት እየጻፈልኝ ነው።

ጋሼ ያሉት እውነት ነው። እንቁላል እንዳለው እኛም እናያለን። ሆዱን ጫን ስትለው በእጅህ ላይ ይፈስሳል። በዚህ የሚደሰት ሰው የለም።

ግን የእኛንም ስሙ። በክረምት ቤት ባዶ ነው። ሩዙ ገና ማሳ ላይ ነው፣ የሚታጨደው ኅዳር ነው። ያለፈው ዓመት እህል ሰኔ ላይ አልቋል። መስከረም ሲጠባ ልጆች ደብተር ይላሉ፣ ልብስ ይላሉ። ያኔ ነው ዓሣው በደጄ የሚያልፈው። ባሕሩ መሐል ሌሊቱን ስደክም አድሬ አሥር የማላገኝ ሰው፣ ወንዙ ዳር በአንድ ሌሊት መቶ አነሳለሁ። ተው ብትሉኝ ምን ልብላ?

ሌላም ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት መረቤ ተወሰደብኝ፤ በተከለከለ ቦታ ጣልክ ተብሎ። መረቡን የገዛሁት በብድር ነው። ጥፋቴን አምኛለሁ። ግን እኔ ጋ ያለው ትልቅ ዓይን ያለው መረብ ነው። ዛሬ ባሕሩን የሞላው ቀጭኑ የነጠላ ክር መረብ ነው፤ ውኃ ውስጥ የማይታየው፣ በሱዳን በኩል የሚገባው። ርካሽ ነው። ሲቀደድ አይጠገንም፣ ይጣላል። የተጣለውም ማጥመዱን አይተውም። እታች ተኝቶ ዓሣ ይይዛል፣ ዓሣው ይበሰብሳል፣ ሌላ ይይዛል። እሱን የሚያመጣው ነጋዴ ጀልባ ላይ ወጥቶ አያውቅም። እጁ የማይረጥበው ሰው አልተያዘም፤ የተያዝኩት እኔ ነኝ።

ከላይ ደግሞ ወንዙ ዳር የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጠው ውኃው ላይ የሚበትኑ አሉ። ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል፣ ትልቁም ትንሹም። ከእኛ መረብ ያለፈው እዚያ ያልቃል።

ቀበሌ 14 (ነሐሴ 21)

ወንድሜ፣ ይህን በግልጽ ስለነገርከን አመሰግናለሁ። እስካሁን ስለ ዓሣ አጥማጅ ስናወራ ዓሣ አጥማጅ መሐላችን አልነበረም።

ወረታ ነኝ (ነሐሴ 21)

ከመረቡ ሌላ ስለ ወንዙም እናውራ። ጋሼ ጠጠር ብለዋል። ጠጠሩ የት አለ? ከወረታ ወጣ ብላችሁ ርብን እዩት። በበጋ ገልባጭ መኪና ወንዙ ውስጥ ገብቶ አሸዋ ይጭናል። ጉማራም እንዲሁ ነው። ባሕር ዳር ላይ የሚቆመው ፎቅ አሸዋው ከየት የመጣ ይመስላችኋል? አሸዋና ጠጠሩ ሲወጣ የሚቀረው ጭቃ ነው። እንቁላል ጭቃ ላይ አይፈለፈልም።

በበጋ ደግሞ የውኃ መሳቢያ ሞተሩ ከግራ ከቀኝ ተደርድሮ ወንዙን ይጠጣዋል። ሽንኩርትና ሩዙ የእኛ ኑሮ ነው፣ ተዉ አልልም። ግን ቦታ ቦታ የሚደርቅበት ጊዜ አለ። በጥቅምት የተፈለፈለው ጫጩት ወደ ባሕሩ ሳይወርድ ኩሬ ውስጥ ይቀራል። ልጆች በጣሳ ይቀዱታል። ርብ ላይ ከላይ ግድብ ተሠርቷል፤ ዓሣ ያንን አያልፍም። ያልተዘጋውን የታችኛውን ጅረት መጠበቅ ግን እንችላለን።

ወጥ ቤት ሠራተኛ (ነሐሴ 21)

እኔ ዓሣ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው፣ ባሕር ዳር። ከውስጥ የማየውን ልንገራችሁ።

ደንበኛ ጥብስ ሲያዝ ሙሉ ዓሣ ስለሚቀርብለት መጠኑን ያያል፣ አነሰ ካለ ይመልሳል። ጉላሽና ዱለት ሲያዝ ግን የዓሣውን ዓይነት የሚጠይቅ የለም። ቀረሶ ይሁን አምባዛ ይሁን ነጭ ዓሣ፣ ከተከተፈ በኋላ አንድ ነው። ስለዚህ በክረምት ርካሹ ይገባል። ርካሹ ደግሞ ያ ከወንዝ አፍ በብዛት የሚመጣው ነጭ ዓሣ ነው።

እንቁላሉን እኛ አንሠራውም። ከአንጀቱ ጋር በባልዲ ይወጣል። በዚህ ሰሞን በቀን ሁለት ባልዲ ይሞላል። ወስደን ስንደፋው ወፎቹ ይሻሙበታል። እስከ ዛሬ ወፎቹ ጠገቡ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ይህን ውይይት ካነበብኩ በኋላ ባልዲውን ሳነሳ እጄ ይከብደኛል።

ዋናው ገበያችን ሁዳዴ ነው። በ55ቱ ቀን ዓሣ ዋጋው ይወጣል፣ አይበቃምም። ያኔ ነጭ ዓሣ እንቁላል የለውም። እንግዲህ እኛ ዓሣ በጣም የምንፈልግበት ጊዜና ዓሣው መተው ያለበት ጊዜ አይጋጭም ማለት ነው። ይህ ትልቅ ነገር መሰለኝ።

እናት ነኝ (ነሐሴ 21)

በእኛ ቤት በጾም ዓሣ አይበላም። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ናት ብዬ የምይዘው ይህን ነው፤ ሌላው በቤቱ የሚያደርገውን አልፈርድም። ግን አንድ ነገር ታየኝ። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፤ ዓሣውም ወንዝ መውጣት የሚጀምረው ያን ሰሞን ነው። በፍልሰታ ዓሣን የተወ ሰው ትንሽ ጨምሮ እስከ ጥቅምት ቢተወው ከባድ አይደለም። እኔ ለልጆቼ እንዲህ ብዬ ነግሬአቸዋለሁ።

የጊሽ ዓባይ ሰፈር (ነሐሴ 22)

ጋሼ፣ ያሉትን ተቀብያለሁ። እምቦጩ ከመምጣቱ በፊት እንደቀነሰ አላውቅም ነበር። በጥቅምት 2013 ለዘመቻው ሄጄ እምቦጭ ነቅያለሁ። ደረቴ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቼ ነው የነቀልኩት። ያን ስላየሁ ነው ሁሉ ነገር እምቦጭ የመሰለኝ። ወጣቱ ያኔ በአንድ ቀን ያን ያህል ከነቀለ፣ ለዓሣውም እንደዚያ መነሣት ይችላል።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ነጭ ዓሣውን ትተን ቀረሶ ብንበላስ? እሱ ወንዝ አይወጣም አይደል?

ጡረተኛው (ነሐሴ 22)

አይወጣም። ቀረሶ ቤቱ እዚሁ ዳሩ ላይ ነው። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ውኃ፣ ደንገልና ሣር አጠገብ ጎድጓዳ ቆፍሮ ጎጆ ይሠራል። ሴቷ የተፀነሰውን እንቁላል በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቹም ሲፈሩ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ቶሎ ያድጋል፣ ቶሎ ይወልዳል። ስለዚህ ከነጭ ዓሣ ይልቅ ይችላል።

ግን ለእሱም ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛው፣ የመረቡ ዓይን ሰፋ ብሎ ጫጩቱን ማሳለፍ አለበት። ቀበሌ 14 በእንጨት ተሰክቶ ያየችው ከጠባብ ዓይን የወጣ ነው። ሁለተኛው ደንገሉ ነው። ደንገል የሌለበት ዳር ለቀረሶ ጫጩት በር እንደሌለው ቤት ነው። የመጣው ሁሉ ይበላዋል። አምባዛም ክረምት ሲገባ ውኃው የሸፈነውን ሣር ፈልጎ ነው እንቁላል የሚጥለው። ረግረጉ ታርሶ ካለቀ እሱም ቦታ የለውም።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ። ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው፣ ቁጠሩት።

ደንገል (ነሐሴ 23)

ደንገል ሲነሣ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አባቴ ታንኳ ሠሪ ነበር። አያቴም። እኛ ባሕሩ ዳር የተወለድን ነን። በልጅነቴ አባቴ ከቤታችን ወጥቶ ትንሽ ተራምዶ ደንገል ያጭድ ነበር። አጭዶ፣ አድርቆ፣ ጠፍሮ ታንኳ ይሠራል። ታንኳ ዕድሜዋ አጭር ነው። ውኃ ስትጠጣ ትከብዳለች፣ አውጥተህ ታደርቃታለህ፣ ስታረጅ አዲስ ትሠራለህ። ስለዚህ ደንገሉ ሁልጊዜ አጠገብህ መኖር አለበት። አባቴ ሥሩን አይነቅልም ነበር። ከላይ ቆርጦ ይተወዋል፣ ተመልሶ ያድጋል።

ዛሬ ከባሕር ዳር ዳርቻ ደንገል ለማግኘት ብዙ መቅዘፍ አለብህ። ቦታው ተደለደለ፣ ድንጋይና አፈር ተሞላበት። አንዳንዱ ታጠረ። ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ባሕር ሸሹ መሬት ወዲያው ይታረሳል። በ1995 ዓ.ም. ውኃው በጣም በወረደ ጊዜ ሰዉ ባሕሩን ተከትሎ ነው የዘራው። መርከብ እንኳ መሄድ አቅቶት ነበር። ውኃው ተመለሰ፤ ያኔ የታረሰው ደንገል ግን እንዳለ አልተመለሰም።

በአጥር በኩል አንድ ነገር ላንሣ፤ ከዓሣው ትንሽ ይርቃል፣ ታገሡኝ። እናቴ ልብስ የምታጥብበት ድንጋይ ነበር። አሁን እዚያ መግባት አንችልም። ባሕር ዳር ተወልዶ ባሕሩን በአጥር ቀዳዳ ማየት ያማል።

ስለ ክረምቱ ግን አንድ የቤታችንን ነገር ልንገራችሁ። እናቴ በበጋ፣ ዓሣ ሲበዛ፣ ሰንጥቃ ጨው ነስንሳ ገመድ ላይ ታሰጣው ነበር። ቋንጣ ታደርገዋለች። በክረምት ታንኳ በማዕበል መውጣት ሳይችል ሲቀር ያንን በበርበሬ ትሠራልናለች። የወንዝ ዓሣ ሳንነካ ክረምቱን እናልፍ ነበር። በነሐሴ ማድረቅ አይቻልም፣ ፀሐይ የለም። በሚያዝያና በግንቦት ግን ይቻላል።

የፎገራ ዳር (ነሐሴ 23)

ይህችን የቋንጣዋን ነገር ልጄ ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። ወንድሜ ደንገል፣ እውነት ነው። እኛም ጋ ደረቅ ዓሣ ይሠራ ነበር። ነጋዴ መጥቶ ወደ ሱዳን ይወስደው ነበር። እዚሁ የሚገዛ ስለሌለ ነው የተውነው። ባሕር ዳር ላይ የሚገዛ ካለ በግንቦት እሠራለሁ። ባለቤቴ ከእኔ ይበልጥ ታውቅበታለች።

ከአዲስ አበባ (ነሐሴ 24)

እኛ ጋ የሚመጣውን በረዶ ውስጥ ያለ ፊሌቶ ስገዛ ከዚህ በኋላ ምን ዓሣ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ቀረሶ ከሆነ በምን ይታወቃል?

ወጥ ቤት ሠራተኛ (ነሐሴ 24)

ቆዳው ካልወጣ ቀላል ነው። የቀረሶ የጀርባ ክንፍ ረጅምና እሾሃማ ነው፣ ይወጋል። ነጭ ዓሣ ቅርፊቱ ትልልቅ ነው፣ ሥጋው ውስጥ ሹካ የመሰለ ቀጭን አጥንት ይበዛዋል። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ጢም አለው። ፊሌቶ ከሆነ በኋላ ግን ጣትሽን አሳልፈሽ ቀጫጭን አጥንት ከነካሽ ነጭ ዓሣ ነው።

ዘጌ (ነሐሴ 25)

ሁሉን አነበብኩት። «እኔ ብተው ሌላው ያጠምደዋል፣ እኔ ባልገዛ ሌላው ይገዛዋል» የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። ሳይመጣ አንድ ነገር ልበል።

ዘጌን፣ ጣና ዳር ያለውን የእኛን ጫካ፣ የምታውቁ ታውቃላችሁ። መሬቱ አይታረስም። በሬ አይጠመድበትም። አባቶቻችን ከአባ በትረ ማርያም የተቀበሉት ቃል ነው ብለው ይህን ጠብቀው ኖሩ። የምንኖረው በቡና፣ በጌሾና በፍራፍሬ ነው፤ ሁሉም ከዛፍ ጥላ ሥር። ጫካው እስከ ዛሬ የቆመው በየዛፉ ሥር ጠባቂ ስላለ አይደለም። አንድ ሰው በሬ ይዞ ቢመጣ ጎረቤቱ «ምን ሆነህ ነው?» ስለሚለው ነው። ነውር ስለሆነ ነው።

ቡናችን ዋጋ ሲያጣ ማገዶ ቆርጦ የሚሸጥ የለም አልልም፣ አለ። እሱም ያመናል። ግን በሬ ዛሬም አይገባም። ሰው ተስማምቶ አንድን ነገር መተው እንደሚችል እኔ የማውቀው ከዚህ ነው።

የፎገራ ዳር (ነሐሴ 26)

ዘጌዎች ቡናው ስላላቸው ነው ማረሱን የተዉት። እኔ ዓሣውን ስተው ምን አለኝ? ይህን የምለው ልከራከር ብዬ አይደለም፤ ጥያቄዬ ይህ ስለሆነ ነው።

ትናንት ማታ ከአራት ጎረቤቶቼ ጋር ተነጋገርን። ሁለቱ አልሰሙኝም። ሁለቱ ግን እንዲህ አሉ። በነሐሴና በመስከረም መረባችንን ከወንዙ አፍ አንሥተን ወደ መሐል እንውሰድ፤ ቀረሶና አምባዛ እናምጣ። የምናገኘው ያነሰ ነው፣ ነዳጁ ደግሞ ይበልጣል። ገዢው በኪሎ ትንሽ ከጨመረልን ይህን ማድረግ እንችላለን። በአንድ ዋጋ ከሆነ ግን ያ በወንዙ አፍ ያለው ያሸንፈናል። ነጋዴው የሚያየው ኪሎውን ነው፣ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም።

ስለዚህ ከእናንተ የምንፈልገው «ተዉ» የሚል ቃል ብቻ አይደለም። «ከመሐል ያመጣኸውን በዚህ ዋጋ እገዛሃለሁ» የሚል ሰው ነው።

ወጥ ቤት ሠራተኛ (ነሐሴ 27)

ለአሠሪዬ ነገርኳቸው። መጀመሪያ «ጣጣ አታምጪብኝ» አሉኝ። ማታ እንቁላሉን ባልዲ ውስጥ አሳየኋቸው። ጋሼ የጻፉትንም አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ቆዩ።

ዛሬ ጠዋት ጠርተውኝ እንዲህ አሉ። ለጥብስ የሚገባው እስከ ጥቅምት መጨረሻ ቀረሶ ብቻ ይሁን። ለጉላሽ አምባዛ እንሞክር። በሳምንት ሁለት ቀን የሚበቃንን ከመሐል ከሚያመጣ ሰው ብቻ እንገዛለን፣ ትንሽ ጨምረን። ሁሉን ቀን አልቻሉም፤ ሁለት ቀን ነው ያሉት። ወንድሜ የፎገራ ዳር፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ይመችሃል?

የፎገራ ዳር (ነሐሴ 27)

ቅዳሜ ይመቸኛል። ማክሰኞን ከጎረቤቶቼ ጋር ተነጋግሬ እነግርሻለሁ። የመረቡን ዓይን ማየት ከፈለግሽ ይዤው እመጣለሁ።

ቀበሌ 14 (ነሐሴ 28)

የእኛ ዕቁብ ውስጥ አሥራ አንድ ሴቶች ነን። ትናንት ተነጋገርን። ዘጠኙ እሺ ብለዋል። ሁለቱ ዋጋው ከተወደደ አንችልም ብለዋል፤ እውነታቸውን ነው፣ ቤታቸውን አውቀዋለሁ። ለዘጠኛችን በሳምንት አንድ ጊዜ ቢመጣልን በአንድ ላይ እንገዛለን። የግንቦቱን ቋንጣ ደግሞ ከአሁኑ አስይዙን።

ጡረተኛው (ነሐሴ 29)

ዓሣ ስትገዙ እንዲህ አድርጉ። ሆዱን በአውራ ጣታችሁ ወደ ጅራቱ ቀስ አድርጋችሁ ግፉት። እንቁላል ወይም ነጭ ፈሳሽ ከወጣ ሊወልድ የተዘጋጀ ነው። ሻጩን አትስደቡት። «ይህን አልወስድም፣ ያንን ስጠኝ» በሉት፣ ምክንያቱንም ንገሩት። በአንድ ጠዋት አምስት ሰው ይህን ካለው ለሚያመጣለት ይነግራል። እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ጉልበቴ ደክሟል፣ ግን ጀልባዎቹ እስከሚያርፉበት እደርሳለሁ። ከመጣችሁ አሳያችኋለሁ።

የሽንብጥ ልጅ (ነሐሴ 29)

ጋሼ፣ እኛ መጥተን ከቤትዎ እንወስድዎታለን። በእግርዎ አይምጡ፣ መንገዱ ጭቃ ነው።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀልባዎቹ የሚገቡበት ቦታ ላይ ነኝ። የእናቴን መጥበሻ የሚያህል ሰማያዊ ሳፋ ይዣለሁ፣ በእሱ ታውቁኛላችሁ። የዕቁቡ እህቶች የምትመጡ ከሆነ ማዳበሪያ ወይም ቅርጫት ያዙ፤ ፌስታሉ ይቀደዳል።

ወጥ ቤት ሠራተኛ (ነሐሴ 29)

እኔም 12 ሰዓት ተኩል እደርሳለሁ። ከሥራ በፊት ነው። ሚዛን እኔ አመጣለሁ።

የፎገራ ዳር (ነሐሴ 30)

ሌሊቱን ከመሐል ነው የምንመጣው። ማዕበል ካለ እስከ 1 ሰዓት ጠብቁን።